ከለቅሶው በፊት የሚደርስ መዋጮ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በቅርቡ ከደረሱን ደብዳቤዎች ሦስቱ ስለ አንድ ጉዳይ የሚጠይቁ ሆነው አግኝተናቸዋል፦ የመዳን ተስፋ የሌላቸውን ሕሙማን ቤታቸው ድረስ እየሄደ የሚንከባከበውን የሆስፒስ አገልግሎት ሰፈርተኛውና ነጋዴው በገንዘብ እንዴት ሊደግፉት ይችላሉ? የመጀመሪያው ደብዳቤ ረዘም ያለ በመሆኑ አሳጥረነዋል።

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ ጉለሌ አካባቢ አነስተኛ ዳቦ ቤት አለኝ። እናቴ በጡት ካንሰር ታመው ሆስፒታሉ ከእንግዲህ ቤታቸው ይሁኑ ብሎ ካሰናበታቸው በኋላ፣ አንዲት የሆስፒስ ነርስ ለአራት ወራት ያህል በየሳምንቱ እየመጣች ቁስላቸውን ታጥብላቸው፣ የሥቃይ ማስታገሻ የሆነውን ፈሳሽ ሞርፊንም ታመጣላቸው ነበር። የመጀመሪያውን ዕለት አልረሳውም፤ መድኃኒቱን በትንሿ መስፈሪያ ለክታ ከሰጠቻቸው በኋላ እናቴ ከስንት ሳምንት በኋላ እስከ ንጋት ተኙ፤ እኛ ደግሞ ሞተው ይሆን እያልን ትንፋሻቸውን ስናዳምጥ አደርን። አንድም ብር አልተጠየቅንም። አሁን በመንገዳችን ያሉትን ባለሱቆች አስተባብሬ ውለታውን ለመመለስ እፈልጋለሁ፤ ያሰብኩትም በሆቴል የእራት ግብዣ አዘጋጅቶ ትኬት መሸጥ ነው። ነገር ግን ከሁለት ዓመት በፊት ለአንድ ታማሚ ተብሎ በየሱቁ ሣጥን ተቀምጦ ገንዘቡ የት እንደገባ ሳይነገረን ስለቀረ፣ ጎረቤቶቼ «ደግሞ ሌላ ሣጥን?» ይሉኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?
ወ/ሮ ት.

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በቅድሚያ የእናትዎን ነፍስ ይማር።

እራቱን ቢተዉት እንመርጣለን። ለአዳራሽ፣ ለምግብና ለድምፅ ማጉያ ከተከፈለ በኋላ የሚተርፈው ገንዘብ ብዙ ጊዜ ከተደከመበት ጋር አይመጣጠንም፤ ዋናው ምክንያታችን ግን ሌላ ነው። በቤት ለቤት እንክብካቤ ገንዘብ የሚበላው መድኃኒቱ አይደለም፤ የሚጠጣው ሞርፊን ከዱቄት ተበጥብጦ የሚዘጋጅ ርካሽ መድኃኒት ነው። ወጪው ያለው ነርሷን ከአንዱ ሕመምተኛ ቤት ወደ ሌላው በሚያደርሰው መኪና ነዳጅና ጥገና፣ በራሷም ደመወዝ ላይ ነው፤ ይህ ደግሞ ወር በመጣ ቁጥር የሚመጣ ወጪ ነው። በጥቅምት የተበላ እራት ለሰኔ ነዳጅ አይሆንም። ስለዚህ አንድ ጊዜ ከሚሰጥ ብዙ ብር ይልቅ፣ ሳይቋረጥ በየወሩ የሚገባ ጥቂት ብር ለእንዲህ ዓይነቱ ድርጅት ይበልጥ ይጠቅመዋል፤ ለቀጣዩ ወር ስንት አዲስ ሕመምተኛ መቀበል እንደሚችል አውቆ እንዲያቅድ ያስችለዋልና።

ለዚህ ጥሩ አብነት የሚሆነን በደቡብ ሕንድ የሚገኘው የኬረላ ግዛት ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ጥቂት ሐኪሞች በካሊከት ከተማ አንድ የማስታገሻ ሕክምና (በሽታውን ባያድንም ሥቃዩን የሚያቀል ሕክምና) ክሊኒክ ከፈቱ፤ ብዙም ሳይቆይ ግን ሕመምተኛው ሁሉ ወደ ክሊኒክ መምጣት እንደማይችል፣ ሐኪምም ብቻውን ሁሉን እንደማይዘልቀው ተገነዘቡ። ከዚያ በኋላ ሥራው በየሰፈሩ ለሠለጠኑ በጎ ፈቃደኞች እየተላለፈ ሄደ፤ ገንዘቡም በአብዛኛው የተገኘው ከዚያው ከሰፈሩ ነው። ባለሱቁ ሣጥን አስቀመጠ፣ የቀን ሠራተኛውና ተማሪው በየወሩ ጥቂት ሩፒ አዋጣ። የግዛቱ መንግሥት የማስታገሻ ሕክምና ፖሊሲ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2008፣ ማለትም ሕዝቡ ነገሩን በራሱ ኪስ ካቆመው በኋላ ነው። ይህን ስናነብ እድር እድር ይሸተናል፤ ወደዚህ ጉዳይ በሚቀጥለው ጥያቄ እንመለስበታለን።

ባለሱቆቹ የግድ ጥሬ ገንዘብ ብቻ መስጠት እንደሌለባቸውም ያስቡበት። በእንግሊዝ የአዋቂዎች ሆስፒሶች ከወጪያቸው ሲሶ ያህሉን ብቻ ከመንግሥት የሚያገኙ ሲሆን ቀሪውን የሚሸፍኑት ከሰፈራቸው በሚሰበስቡት ገንዘብ ነው፤ ያገለገለ ልብስና ዕቃ የሚሸጡባቸው ሱቆች አሏቸው፣ ሎተሪ ያወጣሉ፣ ኑዛዜም ይቀበላሉ። እኛን ይበልጥ የሳበን ግን የጥር ወር ልማዳቸው ነው። የፈረንጆች ገና ሲያልፍ ከየቤቱ የሚጣለውን የገና ዛፍ የሆስፒሱ በጎ ፈቃደኞች እየዞሩ ያነሳሉ፣ ባለቤቱም ለዚህ አገልግሎት የፈቀደውን ይሰጣል፤ የአካባቢው ድርጅቶች ደግሞ መኪናቸውን ወይም ሾፌራቸውን ለሁለት ቀን ያውሳሉ። ድርጅቶቹ ያዋጡት ድሮም በእጃቸው ያለውን ነው። በእርስዎ መንገድ ላይ ጋራዥ ካለ የነርሷን መኪና ዘይት በነፃ ሊቀይር ይችላል። ፋርማሲው ጓንትና ፋሻ፣ ማተሚያ ቤቱም የደረሰኝ ጥራዝ ቢሰጥ፣ ድርጅቱ ከገበያ የሚገዛው ያን ያህል ይቀንስለታል። እርስዎም ከወሩ አንዱን ቀን መርጠው ከዕለቱ የዳቦ ሽያጭ የተወሰነውን ቢመድቡ ደንበኛው ቀኑን ይለምደዋል።

ሣጥኑን በተመለከተ ጎረቤቶችዎ አልተሳሳቱም። የቤተ ክርስቲያን ሙዳየ ምጽዋት እንኳ ቁልፉ አንድ ሰው ኪስ ውስጥ አይቀመጥም። ሣጥን ካስቀመጣችሁ በሁለት ቁልፍ የሚከፈት ይሁን፤ አንዱን ቁልፍ እርስዎ፣ ሌላውን የድርጅቱ ሰው ይያዝ። ሲከፈት ሁለታችሁም ተገኝታችሁ ቆጥራችሁ ተፈራረሙ፣ ገንዘቡ በዕለቱ በድርጅቱ ስም ወደተከፈተ የባንክ ሒሳብ ይግባ፣ የደረሰኙ ቅጂም በየሱቁ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ከዚህ ሁሉ በፊት ድርጅቱ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን የተመዘገበ መሆኑን አረጋግጣችሁ፣ በስሙ እንድታሰባስቡ የፈቀደበትን ደብዳቤ በማኅተም ተቀበሉ። ከበድ ያለ ስጦታ የሚሰጥ ነጋዴ ካለ የሒሳብ ባለሙያውን አስቀድሞ ያማክር፤ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ለኢትዮጵያ በጎ አድራጎት ድርጅቶች የተሰጠ ስጦታ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ እስከ 10 በመቶ ድረስ በተቀናሽነት እንዲያዝ ይፈቅዳል፤ ያለ ሕጋዊ ደረሰኝ ግን ይህን መጠየቅ አይቻልም።

አንድ ነገር አጥብቀን እንለምንዎታለን። በሣጥኑ ላይ የሕመምተኛ ፎቶግራፍ አይለጥፉ። አገራችን ውስጥ የካንሰርን ስም ለታማሚው እንኳ የማይነግር ቤተሰብ ብዙ ነው፤ የድርጅቱ ስም የተጻፈበት መኪና ደጃፋቸው ላይ እንዳይቆም የሚማጠኑም አሉ። ሊድን የሚችል ሕፃን ፎቶግራፍ ገንዘብ ቶሎ እንደሚያመጣ እናውቃለን፣ «ለማይድን ሰው ምን ያደርጋል?» የሚል ባለሱቅም ያጋጥምዎታል። ለእርሱ የእናትዎን ያቺን ሌሊት ይንገሩት፤ የራስዎ ታሪክ ስለሆነ ፈቃጇም እርስዎ ነዎት።

ጥያቄ፦ የ180 አባወራዎች እድር ጸሐፊ ነኝ። አባሎቻችን እቤት ተኝተው በሥቃይ ወራት ሲያሳልፉ ዝም ብለን፣ ሲሞቱ ድንኳን እንተክላለን። የእድሩን ገንዘብ ለታመመ ሰው ማዋል ይቻላል ወይ?
አቶ መ.

መልስ፦ ይቻላል፤ የሚወስነው የእድራችሁ መተዳደሪያ ደንብ ነው። ደንቡ ገንዘቡ ለቀብርና ለለቅሶ ብቻ እንዲውል የሚል ከሆነ ጠቅላላ ጉባኤው ማሻሻል አለበት፤ ዳኛው ወይም ኮሚቴው በራሱ ሥልጣን ቢያደርገው ግን ነገ ክስ ይዞ ይመጣል። ነገሩ ለእድር እንግዳ አይደለም። የኤችአይቪ ሕመም በከፋባቸው ዓመታት በአዲስ አበባ በርካታ እድሮች ደንባቸውን አሻሽለው የታመሙትን እቤታቸው መርዳት፣ ወላጅ ያጡ ልጆችንም መደገፍ ጀምረው ነበር፤ ከጉባኤያችሁ አዛውንቶች ይህን የሚያስታውስ አይጠፋም።

የምንመክረው የለቅሶውን ገንዘብ ሳትነኩ በወርኃዊው መዋጮ ላይ ጥቂት ብር ጨምራችሁ ለብቻው በተለየ መዝገብ እንድትይዙት ነው። ጉባኤው የሚጨቃጨቀው «የቀብሬን ገንዘብ ሌላ ሰው በላው» በሚል ስለሆነ መዝገቡ ሲለይ ግማሹ ጭቅጭቅ ይቀራል። ከገንዘቡም በላይ እድር ያለው ሰው ነው። ድንኳኑን የሚተክሉት ጎረምሶች ሕመምተኛውን ፀሐይ ለማሞቅ አንስተው ደጅ ሊያወጡት ይችላሉ፤ ወጥ የሚሠሩት ሴቶች በየተራ አንድ ከሰዓት አጠገቡ ቢቀመጡለት አስታማሚዋ ገበያ ደርሳ ትመለሳለች። ለዚህ ግን ሥልጠና ያስፈልጋል፤ ቁስል አያያዝንና የተኛን ሰው አገላበጥን የሆስፒስ ነርስ መጥታ ብታሳያችሁ መልካም ነው። በከተማችን ቤት ለቤት የሚያገለግለው ሆስፒስ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2003 በሲስተር ጽጌረዳ ይስፋወሰን የተመሠረተ አገር በቀል ድርጅት ነው። የምትረዱት ሰው ከክፍለ ሀገር ለሕክምና የመጣ የካንሰር ታማሚ ከሆነ ደግሞ በደም ካንሰር ልጃቸውን ያጡ ወላጆች ያቋቋሙት ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ለእንዲህ ዓይነቶቹ ሕሙማን ማረፊያ ያለው ስለሆነ እርሱንም ጠይቁ።

ጥያቄ፦ የምኖረው ለንደን ነው። በቤተ ክርስቲያናችን የጽዋ ማኅበር አለን፤ ለአገር ቤት ሆስፒስ አልጋና ተሽከርካሪ ወንበር ገዝተን ለመላክ ተነጋግረናል። እንዴት ታዩታላችሁ?
ሰ.

መልስ፦ መጀመሪያ ድርጅቱን ጠይቁ። የመርከብና የጉምሩክ ወጪው ከወንበሩ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል፤ አንዲት ጠባብ ክፍል ለሚኖር ቤተሰብ ደግሞ የሆስፒታል አልጋ የሚገባበት በር ላይኖር ይችላል። እናንተ ባላችሁበት አገር ሆስፒስ ኢትዮጵያን የሚደግፍ የተመዘገበ የበጎ አድራጎት ድርጅት ስላለ፣ ገንዘቡን በዚያ በኩል ብትልኩት በብሪታንያ ግብር ከፋይ የሆነ ሰው በሚሰጠው በእያንዳንዱ ፓውንድ ላይ መንግሥት 25 ፔንስ ይጨምርበታል። ለዚህ የሚሞላው ቅጽ አንድ ገጽ ነው፤ ማኅበርተኛው ግን እያንዳንዱ በስሙ መፈረም ስላለበት በጽዋው ቀን ከጠበሉ በፊት አዙሩት፤ ከጠበሉ በኋላ ሰው ይበተንባችኋል።

ይህን ስትወስኑ ማኅበራችሁ ምናልባት ሳያውቀው በአቅራቢያው ያለ ታሪክም አለ። የዘመናዊው የሆስፒስ ሕክምና መነሻ የሚባለው የቅዱስ ክሪስቶፈር ሆስፒስ በዚያው በደቡብ ለንደን ነው የሚገኘው። መሥራችዋ ሲስሊ ሳንደርስ እ.ኤ.አ. በ1948 ያስታመመችው ዴቪድ ታስማ የተባለ ፖላንዳዊ አይሁድ ስደተኛ፣ ወደፊት በምትሠራው ቤት መስኮት ይሁንልኝ ብሎ 500 ፓውንድ ተናዘዘላት። ቤቱ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው፤ በ19ኙ ዓመታት ውስጥ ቀሪውን ገንዘብ ለማኝ ሆና የሰበሰበችው እርሷ ናት። መስኮቱ ዛሬም እዚያው አለ፤ አንድ ቅዳሜ ሄዳችሁ ልታዩት ትችላላችሁ።