ለስሜንና ለላሊበላ ጉዞ አንድ ሌንስ

ሰላም ወንድሜ። በካነን ካሜራህ ስሜን ተራሮችንና ላሊበላን ልታነሳ ነው፤ 18-135 ሚሊ ሜትር ሌንስ ልያዝ ወይስ 18-200 ብለሃል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ሰፊ ቦታ ያሳያል፣ ሲበዛ ሩቁን ያቀርባል። እኔ ብሆን 18-135ቱን፣ ኤስቲኤም የሚለውን (የትኩረት ሞተሩ ዓይነት ነው) እይዛለሁ። 480 ግራም ነው፤ ሌላው 595። ቤት ሆነህ ስታስበው ልዩነቱ ኢምንት ነው። ዳገት ላይ ግን አንገትህ ያውቀዋል። ጭላዳዎቹ እንደሆኑ ሰው ብዙም አይሸሹም፤ ሣር እየነቀሉ አጠገብህ ይቀመጣሉ። ዋልያ ማዶ ገደል ላይ ካየህ ደግሞ 200ውም ብዙ አያስጠጋህም።

እኔን የሚያሳስበኝ ላሊበላ ነው። ቤተ ጊዮርጊስን ከላይ ሆነህ ስታነሳ 18ቱ ይበቃሃል። አብያተ ክርስቲያናቱ ውስጥ ግን ጨለማ ነው። ሁለቱም ሌንሶች ዙም ስታደርጋቸው የብርሃን መግቢያቸው ወደ ኤፍ 5.6 ይጠብባል (የኤፍ ቁጥር ሲያንስ ብርሃን ይበዛል)፤ ብርሃን ያንስሃል። ፍላሽ እባክህ አታብራ፤ የሚጸልይ ሰው አለ፣ ለጥንቶቹ ሥዕሎችም ጥሩ አይደለም። ስለዚህ ትንሿን 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ጨምር። 160 ግራም ገደማ ናት፤ ጃኬት ኪስ ትገባለች።

ያገለገለ ዙም የምትገዛ ከሆነ ወደ ታች አዘቅዝቀህ ያዘው። በራሱ ተንሸራቶ ከተዘረጋ ሌላ ፈልግ።