ከጡት ቀዶ ጥገና በኋላ ክንድ ሲያብጥ፦ ከከተማ ርቀው ላሉ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ አንድ ሆስፒታል የምሠራ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ዛሬ ማታ ጥያቄ እቀበላለሁ። ከሁሉ በፊት ግን፦ ያበጠ ክንድ አይበጣም፣ አይተኮስም፣ ዋገምት አይደረግበትም።

የቢቸናዋ፦ ዶክተር፣ እናቴ አዲስ አበባ ጡቷ ከወጣ ስምንት ወር ሆናት። አሁን በዚያው በኩል ክንዷ አበጠ። ቁስሉ ድኗል ብለው ነበር የሸኟት። ምን አጠፋን?

መልስ፦ ዶክተር አይደለሁም እህቴ። ምንም አላጠፋችሁም። ጡት ሲወጣ ብዙ ጊዜ የብብት ንፍፊቶችም አብረው ይወጣሉ። ከክንድ የሚመለሰው ፈሳሽ የሚያልፈው በእነሱ ነው። መንገዱ ሲዘጋ ፈሳሹ እዚያው ይጠራቀማል። የጨረር ሕክምና ከታከለበት ዕድሉ ይጨምራል። ከወራት በኋላም፣ ከዓመታት በኋላም ሊመጣ ይችላል።

አሁን መጀመሪያ ሐኪም ይያቸው። የደም መርጋት ወይም የካንሰሩ መመለስ አለመሆኑ መጣራት አለበት። ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ የእኛ ነው፤ ለእሱ አዲስ አበባ መመላለስ አያስፈልግም። ክንዱን በየቀኑ በውሃና በሳሙና ይታጠቡ። በጣቶች መሃል ሳይቀር በደንብ ይድረቅ። ቫዝሊን ይቀቡ። ሲተኙ ትራስ ላይ ከፍ ያድርጉት። ጠዋትና ማታ ግድግዳ ፊት ቆመው ጣታቸውን ቀስ እያደረጉ ወደ ላይ ያስኪዱ። የደረሱበት ላይ በከሰል ምልክት አድርጊላቸው። በማግስቱ ከምልክቱ ትንሽ ለማለፍ ይሞክሩ።

አንድ ቀን የመጡ እናት ትዝ ይሉኛል። እብጠቱ እንዳይወርድ ብለው ክንዳቸውን ከላይ በጨርቅ ጥብቅ አድርገው አስረውታል። መዳፋቸው እንደ ዳቦ ተነፍቷል። ቀለበታቸው ሥጋ ውስጥ ገብቷል። በጣቴ ስጫነው ጉድጓዱ ቶሎ አልሞላም። ይህን የሚነግራቸው ሰው ጠፍቶ ነው እንጂ መድኃኒት ጠፍቶ አይደለም። ፋሻ የሚጠመጠመው ከጣት ጀምሮ ወደ ላይ ነው፤ ታች ጠበቅ፣ ላይ ላላ። እሱንም ባለሙያ ካሳያችሁ በኋላ።

ስሜ ይቆይ፦ ክንዴ ያመኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ የትኛው ክንድ? ቀዶ ጥገና ተደርጎልሻል? መቼ? ያተኩስሻል? ይህን ሳታሳውቁኝ መልስ አትጠብቁ። ቀልቶ፣ ግሎ፣ ትኩሳት ካለው ግን ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሂጂ። ኢንፌክሽን ነው፤ አንቲባዮቲክ ይፈልጋል። በዚያን ጊዜ ፋሻ አይታሰርም።

የጤና ኬላ ሠራተኛ፦ እኛስ ቀበሌ ላይ ምን ማድረግ እንችላለን?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ብዙ ትችላላችሁ። በአካባቢያችን በቀይ አፈር በባዶ እግር በመሄድ የሚመጣውን የእግር እብጠት፣ ፖዶኮኒዮሲስን ታውቁታላችሁ። ሕክምናው ምንድን ነው? እጥበት፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ እንቅስቃሴ፣ ጫማ። ከጫማው በስተቀር ለክንዱም ያው ነው! እግር ማጠብ የሠለጠነ ሰው ያለበት ጤና ጣቢያ ክንድ ማየት አያቅተውም። ቀሪው ነገር ማገናኘት ብቻ ነው። ቀዶ ጥገና ያደረገው ሆስፒታል ታካሚዋን ሲሸኛት ወረቀቱ ላይ «ክንዷ ይታይ» ብሎ ለጤና ጣቢያዋ ይጻፍ። በሰልፍ ቀናት ተቀምጣ ሦስት ደቂቃ ምክር ለማግኘት ትራንስፖርት፣ አልጋ፣ አስታማሚ ለምን ትክፈል? እናንተ ቤት ለቤት ስትሄዱ ሁለቱንም ክንዶች በሜትር ለኩ። ክርኑን መነሻ አድርጋችሁ ሁልጊዜ ያው ቦታ ላይ። ጻፉት። ልዩነቱ ሲሰፋ ላኳት።

የሰቆጣው፦ እነዚህ ልጆች ክትባት፣ ወሊድ፣ ወባ፣ ሪፖርት አለባቸው። አሁን ደግሞ ካንሰር? ደመወዛቸውን ተናገሩ መጀመሪያ።

የፍኖተ ሰላሟ፦ እና ማን ያድርገው? እኔ ቤት ከጤና ኬላዋ ልጅ በቀር የደረሰ የለም።

የሰቆጣው፦ እሷ አትችልም አላልኩም። አታድክሟት ነው ያልኩት።

መልስ፦ ልክ ነህ ወንድሜ፣ ጫናው እውነት ነው። ለዚህ ነው አዲስ ፕሮግራም ያልጠየቅኩት። ሜትርና ሁለት ጥያቄ፦ አብጧል? ቀልቷል? የደመወዙን ጉዳይ ሌላ ቀን እናውራ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ፦ ለአክስቴ የክንድ መጭመቂያ እጅጌ ልልክላት ነው። ሚዲየም ይበቃል?

መልስ፦ በግምት አትላክ። ልክ ያልሆነ እጅጌ ካለመኖሩ ይብሳል። አንጓ፣ ክርንና ላይኛው ክንድ እዚህ ይለኩ፤ ባለሙያ ያይና ቁጥሩን ይላክልህ። ሁለት ላክ፤ አንዱ ሲታጠብ አንዱ ይለበሳል።

የሞጣው፦ ዋገምት ግን ትንሽ ብቻ ቢደረግ…

መልስ፦ አይደረግም። መጀመሪያ ላይ ጽፌዋለሁ። አይበጣም፣ አይተኮስም። በተበጣው ነው ኢንፌክሽን የሚገባው።

የደጀኑ፦ ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) ላይ ያለች ሰው መጾም ትችላለች?

መልስ፦ ሐኪሟንና የንስሐ አባቷን ጠይቅ።

የደብረ ወርቋ፦ ጨረር አሁንም ጥቁር አንበሳ ብቻ ነው? ማደሪያስ?

መልስ፦ ለብዙ ዓመታት እዚያ ብቻ ነበር። ጅማና ሐረርም ተጨምረዋል። የት እንደምትላኪ ግን ሐኪምሽ ነው የሚወስነው። አዲስ አበባ ከሆነ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክልል ለሚመጡ ታካሚዎች ማረፊያ አለው። ሳትደውይ አትሂጂ።

የቢቸናዋ፦ ይቅርታ ተመለስኩ። እናቴ እንጀራ ልጋግር እያለች ነው። ልከልክላት?

መልስ፦ ምን ሲደረግ! ክንድ ሥራ ሲፈታ ይደርቃል። ይጋግሩ፤ የምጣዱ ግለትና እንፋሎት ግን እንዳያቃጥላቸው፣ አክንባሎውን በደህናው እጅ ያንሱ። 20 ሊትር ጀሪካን ግን አሁን አይሸከሙ። በትንሽ ጀምረው ቀስ በቀስ ይጨምሩ። ሲከብዳቸው ወይም ሲያብጥ ያርፉ። ከሳምንት በኋላ የከሰሉ ምልክት ስንት ጣት ከፍ እንዳለ ጻፊልኝ።