«ባለቤቴ በ18 ዓመት ይበልጠኛል፤ ቶሎ እንድገም ይለኛል»

ጥያቄ፦ እኔ 25፣ ባለቤቴ 43 ዓመታችን ነው። የመጀመሪያ ልጃችን 8 ወሩ ነው። ባለቤቴ «ዕድሜዬ እየሄደ ነው፤ አሁኑኑ እንድገም» ይላል። እኔ ልጄን ጡት አጥግቤ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ነገር ግን ታላቄ ስለሆነ ፊት ለፊት መከራከር ይከብደኛል። እያጠባሁ ስለሆነና የወር አበባዬም ስላልመጣ መከላከያ አልጀመርኩም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ እህታችን፣ አስቸኳዩን እናስቀድም። ማጥባት እርግዝናን የሚከላከለው ሕፃኑ 6 ወር ሳይሞላው፣ ከጡት ሌላ ምንም ሳይቀምስ ቀንም ሌሊትም ሲጠባ፣ የወር አበባም ካልተመለሰ ብቻ ነው። ያንቺ ልጅ 8 ወሩ ስለሆነ ይህ መከላከያ አብቅቷል። የወር አበባ ሳይታይም ይረገዛል፤ ስለዚህ በዚህ ሳምንት ጤና ጣቢያ ሄደሽ ተመርመሪ።

የባለቤትሽ ሥጋት ከንቱ አይደለም፤ ስሌቱን ግን አብራችሁ አስሉት። የዓለም ጤና ድርጅት ከወሊድ እስከ ቀጣዩ እርግዝና ቢያንስ 24 ወር እንዲቆይ ይመክራል። ላንቺ የቀረው 16 ወር ነው። ዛሬ ብታረግዢ 44 ዓመት ገደማ ላይ ይወልዳል፣ ብትቆዩ 45 ላይ። የወንድ ዘር ከ40 በኋላ ቀስ በቀስ ይዳከማል እንጂ በ16 ወር አይቋረጥም። የሴት የመውለድ አቅም በፍጥነት የሚቀንሰው ከ35 በኋላ ነው፤ አንቺ ገና ነሽ። 38 ዓመትሽ ቢሆን ኖሮ ምክራችን ይለይ ነበር። ቶሎ መደገም ግን እናትን ለደም ማነስ፣ ሕፃኑን ያለጊዜው ለመወለድ ያጋልጣል።

ብዙ ሴት የምትመርጠው የሦስት ወር መርፌ ነው፤ ላንቺ አንመክረውም። ካቆሙት በኋላ ማርገዝ ይዘገያል፣ ከመጨረሻው መርፌ ጀምሮ በአማካይ 10 ወር ይወስዳል። በዚያ መሀል ባለቤትሽ «መርፌው አመከነሽ» ቢል ጠቡ ይብሳል። በክንድ የሚቀበረው ወይም በማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሉፕ ይሻልሻል፤ ሲወጣ የመውለድ አቅም ወዲያው ይመለሳል፣ ማጥባትንም አይከለክልም። በክንድ የሚቀበረው የወር አበባን ያዛባል፤ ደም በየጊዜው ጠብ ጠብ ሊል ይችላል። አደገኛ አይደለም፤ ቢያስቸግርሽ ከማስወጣትሽ በፊት ነርሷን አማክሪ።

ባለቤትሽን ይዘሽው ሂጂ፤ የምንወደውም ይህንን ነው። ሆኖም ቤተሰብ ምጣኔ ክፍል ውስጥ ሰፊ የዕድሜ ልዩነት ሲኖር ሚስት ተጠይቃ ባል ሊመልስ ይችላል። ስለዚህ «መጀመሪያ ለብቻዬ አነጋግሩኝ» በይ። አገልግሎቱን ለማግኘት የባል ፈቃድ አይጠየቅም፣ በመንግሥት ጤና ጣቢያም ያለክፍያ ነው። ከዚያ አብራችሁ ስትገቡ መከላከያው የሚወጣበትን ወር በካርድሽ ላይ አስጽፊ፤ ባለቤትሽ ቀኑን በዓይኑ ይየው።