መልስ፦ የአላባማ አሰልጣኞች የድል ቁጥር ለምን ይለያያል?

የአሜሪካን ፉትቦል አሰልጣኙ ኒክ ሴባን በአላባማ ዩኒቨርሲቲ ስንት ጊዜ እንዳሸነፈ፣ አንዱ ዝርዝር 206 ሌላው 201 ለምን እንደሚል ነው የጠየቁት። ሜዳ ላይ 206 ጊዜ አሸንፏል። ነገር ግን ተጫዋቾች የመማሪያ መጻሕፍትን ከደንብ ውጭ በመውሰዳቸው የአሜሪካ ኮሌጆችን ስፖርት የሚመራው ማኅበር ኤንሲኤኤ (NCAA) ከ2007 (እ.ኤ.አ.) ውድድር 5 ድሎችን ሰርዟል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት መሰረዝን ከፎርፌ ጋር ሲያቀላቅሉ ነው። የተሰረዘ ድል ከመዝገብ ይነሳል እንጂ ሽንፈት አይሆንም፤ ስለዚህ የዚያ ዓመት 7 ድልና 6 ሽንፈት፣ 2 ድልና 6 ሽንፈት ሆኖ ቀረ። ፎርፌ ግን ድሉን ሽንፈት ያደርገዋል። የሌላውን የአላባማ አሰልጣኝ የጂን ስታሊንግስን 1993 ይመልከቱ፦ 9 ድል፣ 3 ሽንፈትና 1 አቻ የነበረው 1 ድልና 12 ሽንፈት ተብሎ ተመዘገበ። ለእኔ ይህ ከባድ ቅጣት ነው፤ ከአንድ ዓመት በፊት ብሔራዊ ዋንጫ ያነሳ አሰልጣኝ ነበርና።

የአሰልጣኞችን ብዛት ሲቆጥሩ ደግሞ ከማይክ ፕራይስ ይጠንቀቁ። በ2002 መጨረሻ ተቀጥሮ በግንቦት 2003 አንድም ጨዋታ ሳይመራ ተሰናብቷል።

የአሰልጣኝ ቤር ብራያንት (1958–1982) 232 ድልና 6 ዋንጫ ግን አልተነካም። ከእሱ በፊት የነበረው ዊትዎርዝ በ3 ዓመት ያሸነፈው 4 ጨዋታ ብቻ ነበር።