ግብጦው አልበስ ከሆነ ጥሬውን አይስጡ

ከሜጫ የደረሰን ደብዳቤ አጭር ነው። «ለፋሲካ ሙክት ላደልብ ብዬ የተሻሻለ ግብጦ ገዛሁ። ጆንያው ላይ ‹ሉፒነስ አልበስ› የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ከሰጠኋቸው ወዲህ መኖ ዘጉ፤ አንዱማ ይንገዳገዳል። ምን ነካብኝ?»

ጋሼ፣ እንዴት አድርገው እንደሰጧቸው አልጻፉም። ጥሬውን ይመስለኛል። ሌላ በሽታም አይጠፋም፤ እኔ ግን የምጠረጥረው ግብጦውን ነው። ያስጠረጠረኝም ያው ወረቀት ነው።

ሉፒነስ ግብጦ ነው። የትኛው ግብጦ እንደሆነ የሚነግረን ሁለተኛው ቃል ነው። አልበስ በላቲን ነጭ ማለት ነው። ይኸውም ፍሬው ትልቅና ጠፍጣፋ የሆነው፣ እኛ ጎጃም የምናውቀው መራራው ግብጦ ነው። በጥሬው ሲበላ የሚጎዳውም ይኸው መራራው ነው። ለመኖ የመጡት፣ ምሬት የሌላቸው ጣፋጮቹ ዝርያዎች ሳናቦርና ቪታቦር ግን «አንገስቲፎሊየስ» ናቸው፤ ቅጠለ ቀጭን እንደማለት። ፍሬያቸውም አነስ፣ ክብ ይላል። ብዙ ሰው «ሉፒነስ» የሚለውን ብቻ አይቶ «የተሻሻለ ነው» ይላል። ይሄ ነገር በጣም ያሳዝነኛል። አዊ ውስጥ ገበሬው «አኬሺያ ዲከረንስ» የተባለውን ግራር በሁለተኛ ስሙ «ዲከረንስ» ብሎ ይጠራው የለም? ለግብጦም እንዲሁ ይጠይቅ።

አሁን ግብጦውን ያቁሙ። ድርቆሽና ንጹህ ውሃ ይስጧቸው። የሚንገዳገደውን ሳያስሮጡ ጥላ ላይ ያሳርፉት፤ የእንስሳት ጤና ባለሙያም ዛሬውኑ ይይው።

የተረፈውን ግን አይጣሉት። በምጣድ ቆላ ቆላ ያድርጉት። ከዚያ ጆንያ ውስጥ እስከ ግማሽ ብቻ ይክተቱት፤ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል። አፉን አስረው ከሚፈስ ወንዝ ውስጥ በድንጋይ ይጫኑት። ቦታው ሰው ከሚቀዳበት፣ ከብትም ከሚጠጣበት በታች ይሁን። መራራው በውሃ ታጥቦ ነው የሚወጣው። ጅረቱ በበጋው ቀጥኖ ከሆነ በበርሜል ዘፍዝፈው ጠዋትና ማታ ውሃውን ይቀይሩ፤ የሚደፋውንም ከብት እንዳይቀምሰው። አምስት ስድስት ቀን ሲሆነው አንድ ፍሬ ልጠው በምላስዎ ጫፍ ይንኩና ይትፉት። ከመረረ ይመልሱት። ቀን ከመቁጠር ምላስዎን ይመኑ፤ ግብጦ ለቁርስ የሚሸጡት ሴቶችም ምሬቱ መልቀቁን የሚያውቁት እንደዚሁ ነው።

ምሬቱ ሲለቅ ፀሐይ ላይ አድርቀው ይከኩት። በጎቹ ሙሉ በሙሉ ካገገሙ በኋላ ከጤፍ ጭድ ጋር ቀላቅለው ይጀምሩላቸው። በመጀመሪያው ሳምንት ለአንድ በግ በቀን ከአንድ እፍኝ አይለፍ።