ፖስታውን አትጣሉ፦ ስለ ወታደር ቤተሰብ ደብዳቤዎች ጥያቄና መልስ

የምሠራው ማህደር ቤት ውስጥ ነው። አባቴም ወታደር ነበር። ከጦር ሜዳ የመጡ ደብዳቤዎችን፣ የዕለት ማስታወሻዎችንና ሰነዶችን እንዴት እናቆይ ብላችሁ የጠየቃችሁኝን ሰብሰብ አድርጌ ልመልስ።

ጥያቄ፦ አያቴ ካረፉ በኋላ አልጋቸው ሥር አንድ ሻንጣ ሙሉ ደብዳቤ አገኘሁ። አያቴ ወንዱ ከግንባር የላኩላቸው ነው። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ነፍሳቸውን ይማር። ለጊዜው ምንም አታንቀሳቅሺ። ሻንጣውን እንደተከፈተ ፎቶ አንሺው። የቱ ከየቱ ጋር እንደታሰረ፣ የቱ ከላይ እንደነበረ ራሱ የሚነግርሽ ነገር አለ። አያትሽ አምስት ደብዳቤ ለይተው በክር ካሰሩ ያለ ምክንያት አላሰሩም። በቀን ልደርድር ብለሽ ዝም ብለሽ ከፈታሽው ምክንያቱም አብሮ ይጠፋል።

ፖስታዎቹንም አደራ እንዳትጥያቸው። እኔ ወጣት ሳለሁ የአባቴን ደብዳቤዎች ሳስተካክል፣ ቦታ ያጣብባሉ ብዬ ፖስታዎቹን ጣልኳቸው። አባቴ ቀን የመጻፍ ልማድ አልነበረውም። «ማክሰኞ ማታ» ብሎ ይጀምራል፣ በቃ። ቀኑ የነበረው ፖስታው ላይ ካረፈው ማህተም ውስጥ ነው። ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ደብዳቤዎች መቼ እንደተጻፉ አላውቅም። እስካሁን ይቆጨኛል።

ከዚያ ከቤተሰቡ በዕድሜ የገፉትን ሰው ፈልጊ። አጠገባቸው ተቀምጠሽ አንብቢላቸው፣ ድምፃቸውን በስልክሽ ቅጂ። ደብዳቤው «ቀጭኑ ሰላም ብሎሻል» ቢል፣ ቀጭኑ ማን እንደሆነ የሚያውቁት ምናልባት እሳቸው ብቻ ናቸው። ይሄን ለነገ አታሳድሪው። የወረቀቱ ሥራ ትንሽ ቢዘገይ ግድ የለም።

ጥያቄ፦ ደብዳቤው እንዳይቀደድ ላሚኔት ላሠራው (በፕላስቲክ ላሳሽገው) አስቤያለሁ።

መልስ፦ ኧረ በፍጹም! ላሚኔት በሙቀት ይጣበቃል፣ ወረቀቱን ሳይጎዱ መልሶ ማላቀቅም ዘበት ነው። ፕላስተርም እንደዚያው ነው። ሙጫው ከዓመታት በኋላ ቢጫ ሆኖ ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል። የተቀደደውን ሁለቱን ቁራጭ ጎን ለጎን አድርገህ ከፖሊስተር በተሠራ ግልጽ ማቀፊያ ውስጥ አስቀምጠው። መጠገን የግድ ከሆነ ለባለሙያ ስጠው።

ጥያቄ፦ ቤት ውስጥ የቱ ቦታ ይሻላል?

መልስ፦ እናንተ ራሳችሁ ተመችቷችሁ የምትኖሩበት ክፍል። ኮርኒስ ላይ ይሞቃል፣ ምድር ቤት ይረጥባል። ሙቀቱ ከ21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባይበልጥ፣ የአየሩ እርጥበትም ከ35 እስከ 50 በመቶ ቢሆን ጥሩ ነው። ከሁሉ የሚብሰው ግን መለዋወጡ ነው።

ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ አብዛኛው ወረቀት የሚሠራው ከእንጨት ነው። በውስጡ የሚፈጠረው አሲድ ቀስ በቀስ ያቃጥለዋል። የድሮ ጋዜጣ ቢጫ ሆኖ የሚፈረካከሰው ለዚህ ነው። ስለዚህ የጋዜጣ ቁራጭ ከደብዳቤ ጋር አብሮ አይቀመጥም፣ አጠገቡ ያለውንም ያበላሻል። ሳጥንና ፎልደር ስትገዙ «ከአሲድ ነፃ» የሚለውን ፈልጉ። ስቴፕልና ክሊፕ ስለሚዝግ በጥንቃቄ አውጡት። ሲከፈት አዲስ ፕላስቲክ የሚሸት ማቀፊያ ካያችሁ ተዉት፣ ብዙውን ጊዜ ፒቪሲ የሚባለው ወረቀት የሚጎዳ ፕላስቲክ ነው። ማስታወሻ መጻፍ ከፈለጋችሁ ለስላሳ እርሳስ እንጂ እስክሪብቶ አይነካውም።

ጥያቄ፦ ጓንት ያስፈልጋል?

መልስ፦ ለፎቶግራፍ አዎ። ለወረቀት ታጥቦ በደንብ የደረቀ እጅ ይበልጣል። በጓንት የሳሳውን ጠርዝ ስለማትሰማው ትቀደዋለህ።

ጥያቄ፦ ግማሾቹ «ደህና ነኝ፣ አታስቡ» ከማለት ሌላ ምንም የላቸውም። እነሱን ብንቀንስስ?

መልስ፦ አትቀንሱ። በጦርነት ጊዜ ወታደር ብዙውን ጊዜ የሚጽፈው ሳንሱር እንደሚያነበው እያወቀ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ወታደሮች ዓረፍተ ነገሮቹ አስቀድመው የታተሙበት ፖስት ካርድ ይሰጣቸው ነበር። «በጣም ደህና ነኝ»፣ «ሆስፒታል ገብቻለሁ»፣ እንዲህ እንዲህ ይላል። ወታደሩ የማይሆነውን ይሰርዛል፣ ቀንና ፊርማ ያኖራል። ሌላ ቃል ከጨመረ ካርዱ እንዲወገድ ይደረጋል። ታዲያ ይሄ ባዶ ደብዳቤ ነው? እቤት ላለችው እናት እኮ በዚያ ቀን ልጇ በሕይወት ነበር ማለት ነው። ሳንሱር ያጠቆረውን ወይም በመቀስ የቆረጠውንም እንዳለ ተዉት።

አንድ ደብዳቤ ልንገራችሁ። እናቴ ለአባቴ የጻፈችው ነው። በጀርባው የአንድ ልጅ እግር በእርሳስ ተከቦ ተስሏል፣ የትንሿ ጣት ጋ መስመሩ ተንቀጥቅጧል። አባቴ ጫማ ልግዛለት ልኩን ላኪልኝ ብሎ ነበር። እግሩ የእኔ ነው። በፊት ገጹ ያለው ሰላምታ ብቻ ነው። የፊቱን ብቻ አይተን «ምንም የለውም» ብንል ኖሮ ያ እግር ዛሬ አይኖርም ነበር።

ጥያቄ፦ የአባቴ የአገልግሎት ፋይል መንግሥት ዘንድ አለ። የእኛን ማስቀመጥ ምን ይጨምራል?

መልስ፦ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 12 ቀን 1973 አሜሪካ ውስጥ ሴንት ሉዊስ አጠገብ የነበረው የወታደሮች ማህደር ሕንፃ ተቃጠለ። ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚገመት ፋይል ጠፋ። ቅጂ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. ከ1912 እስከ 1960 ከምድር ጦሩ የተሰናበቱ ሰዎች ፋይል 80 በመቶው የሄደው በዚያ እሳት ነው። ከዚያ በኋላ ስለ አገልግሎታቸው ማስረጃ ሲፈለግ፣ ቤት ውስጥ የተቀመጠ የስንብት ወረቀት ትልቅ ነገር ሆነ። የእናንተንም አንድ ብቻ እንደሆነ ቆጥራችሁ ያዙት።

ጥያቄ፦ ስካን ካደረግሁ ዋናውን ልጣለው?

መልስ፦ አይጣልም። ስካኑ ዋናው ቶሎ ቶሎ እንዳይነካ ያግዛል፣ አይተካውም። ቢያንስ በ300 ዲፒአይ (የስካን ጥራት መለኪያ ነው)፣ ለደበዘዘ እርሳስ በ600 አንሺው። ባዶ የመሰለውን ጀርባና ፖስታውንም ጨምሪ። ለፋይሉ ቀን፣ ላኪና ተቀባይ ያለበት ስም ስጪው። ቅጂው ሦስት ይሁን፣ አንዱ ሌላ ቤት። አንድ ፍላሽ ላይ ብቻ አትተማመኚ።

ጥያቄ፦ ጎርፍ ገብቶ ማስታወሻ ደብተሩ ራሰ።

መልስ፦ ገጾቹን በግድ አይለያዩ። ሻጋታ በ48 ሰዓት ውስጥ ሊጀምር ይችላል። ወዲያው ማድረቅ ካልተቻለ በፕላስቲክ ከረጢት አድርገው ፍሪዘር ውስጥ ይክተቱትና ባለሙያ ይፈልጉ። ፀሐይ ላይ ግን አያስጡት።

ጥያቄ፦ በአባታችን ማስታወሻ ውስጥ በሕይወት ያለ ሰው የሚጎዳ ነገር አለ። ወንድሜ እናቃጥለው ይላል። ደብዳቤዎቹንም እንካፈል ተባብለናል።

መልስ፦ ወንድምሽን እረዳዋለሁ። ግን አታቃጥሉት። ፖስታ ውስጥ አሽጉት፣ ከላይ መቼ ሊከፈት እንደሚችል ጻፉና ፈርሙ። ለማህደር ቤት ብትሰጡትም ይህን ቅድመ ሁኔታ በጽሑፍ ማስያዝ ትችላላችሁ። ለሕዝብ ማውጣት ሌላ ጉዳይ ነው። በብዙ አገሮች ሕግ የደብዳቤው ወረቀት የተቀባዩ ቢሆንም የማሳተም መብቱ የጸሐፊው፣ እሱ ከሌለም የወራሾቹ ነው።

መካፈሉን ግን እባካችሁ ተዉት። ደብዳቤና መልሱ ሁለት ቤት ከገቡ ማንም መልሶ አያገጣጥማቸውም። ዋናው አንድ ሰው ዘንድ ይቀመጥ፣ ስካኑ ለሁላችሁም ይድረስ። ከእሱ ቀጥሎ ማን እንደሚረከብ አሁኑኑ ተስማሙ። ስሙን ጽፋችሁ ሳጥኑ ውስጥ ከሁሉ በላይ አድርጉት።