ብቻዬን ልሥራ ወይስ ሰው ልቅጠር? የቱሉ ዲምቱ የቅዳሜ ጥያቄዎች

በወር አንዴ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከከተማው ዳር የምንኖር ዌብሳይት ሠሪዎች ቱሉ ዲምቱ አደባባይ አካባቢ አንዲት ቡና ቤት እንሰበሰባለን። ከመካከላችን አንዱ ተራ ይደርሰውና የሌላውን ጥያቄ ሲመልስ ያመሻል። ባለፈው ቅዳሜ ተረኛዋ እኔ ነበርኩ። ሰባት ዓመት ብቻዬን ሠርቻለሁ። ከዚያ ሰው ቀጥሬ እስከ ሰባት ደርሰን ነበር፤ አሁን አራት ነን። ጥያቄዎቹ በወረቀት ተጽፈው ነው የመጡልኝ። መብራት ስለሄደ ግማሾቹን በስልክ ባትሪ ነው ያነበብኳቸው። ላልመጣችሁት ይኸው። እዚያ ያሳጠርኩትን እዚህ ትንሽ አስረዝሜዋለሁ።

ከየካ አባዶ፦ እህታችን፣ ሦስት ዓመት ብቻዬን ሠራሁ። አሁን ሥራው ከአቅሜ በላይ ሆኗል። ባለፈው ወር ብቻ አራት ደንበኛ መለስኩ። ሰው ልቅጠር?

መጀመሪያ ዋጋህን ጨምር። ቀልዴን አይደለም። ዋጋ የጠየቀህ ሁሉ ሳይከራከር እሺ የሚልህ ከሆነ፣ ወረፋው የመጣው ከርካሽነትህ ነው። ጨምረህ እየው። ጨምረህም ወረፋው ካልቀነሰ ያኔ ስለ ሰው እናውራ።

ቀጥለህ ደግሞ የሞላው ሥራ ምን ዓይነት እንደሆነ ተመልከት። አንድ ፕሮጀክት ድግስ ነው። ደመወዝ ግን ቀለብ ነው። ከድግስ በተረፈ ቤተሰብ አይቀለብም። ይህን ያወቅኩት ከኪሴ ከፍዬ ነው። በ2012 ከአንድ የግል ድርጅት ትልቅ ሥራ ያዝኩና በአንድ ሳምንት ሁለት ልጆች ቀጠርኩ። ሥራው በአምስት ወር አለቀ። የመጨረሻው ክፍያ ግን «ማኔጀሩ ከውጭ ሲመለስ» እየተባለ ሰባት ወር ፈጀ። ሰውየው ስንት አገር እንደዞረ እግዜር ይወቀው። የልጆቹ ደመወዝ ደግሞ ማኔጀር እስኪመለስ አይጠብቅም። ሁለት ወር ከዕቁቤ ከፈልኩ። ያ ዕቁብ ለፍሪጅ የታሰበ ነበር። እናቴ እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች።

ከዚያ ወዲህ አንድ መለኪያ አለኝ። በየወሩ የሚገባ ገንዘብ፣ ማለትም የጥገና ውል የፈረሙ ደንበኞች ክፍያ፣ ተደምሮ የአንድ ሰው ደመወዝ ሲሸፍን አንድ ሰው እቀጥራለሁ። ሲሸፍን ነው እንጂ ሊሸፍን ሲቃረብ አይደለም። የፕሮጀክት ገንዘብ እዚህ ሒሳብ ውስጥ አይገባም። በዚያ ላይ የሦስት ወር ደመወዝ የማልነካው ሌላ የባንክ ደብተር ላይ ይቀመጣል። አንተ አራት ደንበኛ መለስኩ አልክ እንጂ በየወሩ የሚከፍሉህ ስንት እንደሆኑ አልነገርከኝም። መልሱ ያለው እዚያ ነው።

ከገላን፦ ለአንድ ልጅ 30,000 ብር ብከፍል ወጪዬ ያው 30,000 ነው አይደል?

አይደለም ወንድሜ። በዚህ ጥያቄ ብዙ ሰው ስለተላለቀ ቁጥሩን ላስቀምጠው።

በወረቀት ላይ ያለው ደመወዝ 30,000 ይሁን። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ባለው ሠንጠረዥ የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለበትም። ከ14,000 በላይ ያለው 35 በመቶ ይቆረጥበታል። ስናሰላው የልጁ የሥራ ግብር 8,450 ብር ይሆናል። ጡረታ ከእሱ 7 በመቶ፣ 2,100 ብር። እጁ ላይ የሚደርሰው 19,450 ነው። አንተ ደግሞ 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ ስለምትጨምር ከኪስህ የሚወጣው 33,300 ነው።

ጠቡ የሚነሳው እዚህ ነው። አንተ «ሠላሳ ሺህ» ስትል ያልተጣራውን ነው። ልጁ «ሠላሳ ሺህ» ሲሰማ እጄ የሚገባውን ብሎ ነው። እጁ ላይ 30,000 እንዲደርስ ከፈለግክ ወረቀቱ ላይ ወደ 48,190 መጻፍ አለበት። ያንተ ጠቅላላ ወጪ ያኔ 53,500 ገደማ ነው። ስለዚህ ከመጨባበጣችሁ በፊት «ኔት (የተጣራ) ነው ግሮስ (ያልተጣራ)?» የሚለውን ጨርሱ።

ላፕቶፕ፣ ወንበር፣ ኢንተርኔት ገና አልተቆጠረም። ከሁሉም የሚከብደው ያንተ ሰዓት ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለትና ሦስት ወራት ልጁ ይሠራልሃል ብለህ አትጠብቅ። አንተ ነህ የምትሠራለት። ሁለቴ ታስረዳለህ፣ ሦስተኛውን ራስህ ትሠራዋለህ፣ ከዚያ ሌሊት የራስህን ሥራ ትጀምራለህ።

ከለገጣፎ፦ ንግድ ፈቃዴ በራሴ ስም ነው። ስቱዲዮ ለመባል የግድ ፒኤልሲ ማቋቋም አለብኝ?

የለብሽም። በሕግ ስቱዲዮ የሚባል የድርጅት ዓይነት የለም። በግል ፈቃድም ሰው ይቀጠራል።

ልዩነቱ የሚመጣው ዕዳ ሲኖር ነው። በግል ነጋዴነት አንቺና ንግድሽ አንድ ናችሁ። ሥራው ዕዳ ካመጣ የቤትሽ ንብረትም ይጠየቃል። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር፣ ማለትም ያልሽው ፒኤልሲ፣ ሲሆን ግን በመርህ ደረጃ የሚጠየቀው የማኅበሩ ንብረት ነው። ድሮ ለዚህ ቢያንስ ሁለት አባል ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ ሰው እናቱን ወይም ታናሽ ወንድሙን ለወረቀት ያህል ባለድርሻ ያደርግ ነበር። በ2013 የወጣው የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ አንድ ሰው ብቻውን እንዲያቋቁም ፈቅዷል።

የእኔ ምክር? ቢፈርስ ልትከፍዪው የማትችዪውን ውል እስክትፈርሚ ድረስ በግልሽ ቆዪ። ማኅበር ሲሆን የሒሳብ አያያዙም ጣጣው ይበዛል። የሒሳብ ባለሙያ ግን ከዛሬ ጀምሮ ያዢ። ደረሰኝ የሌለው ወጪ ገቢዎች ዘንድ ወጪ አይባልም።

ከኮዬ ፈጬ፣ አንድ አባት፦ ልጄ፣ የእኔ ልጅ ሌሊት ከፈረንጅ ጋር ይሠራል፣ ቀን ይተኛል። ቢሮ የለው፣ አለቃ የለው። ጎረቤት ሲጠይቀኝ ምን ይሠራል ልበል?

አባባ፣ እዚህ ድረስ ስለመጡ በጣም ደስ ብሎኛል። ልጅዎ ሰነፍ ሆኖ አይደለም ቀን የሚተኛው። ኒውዮርክ ጠዋት ቢሮ ሲከፈት እዚህ ከሰዓት 10 ወይም 11 ሰዓት ነው። እነሱ ሲዘጉ እዚህ እኩለ ሌሊት ይሆናል። ደንበኛው ካሊፎርኒያ ከሆነ ደግሞ ከዚህም ያመሻል። ለጎረቤት «ውጭ አገር ይሠራል፣ ቤቱ ያድራል» ይበሏቸው፤ ውሸት አይደለም።

ቢሮ ይከራይ ብለው ግን አያስጨንቁት። አብረውት ቡና ሲጠጡ ሁለት ነገር ይጠይቁልኝ። የሚመጣው ዶላር በባንክ በኩል ነው ወይ? ያሉት ደንበኞች ስንት ናቸው? አንድ ብቻ ከሆነ፣ አለቃ የለውም ያሉት ነገር ስህተት ነው። አለቃ አለው፣ ያውም ያለ ማስጠንቀቂያ የሚያሰናብት።

ከጀሞ፦ ውሌን በብር ነው የምጽፈው። ሆስቲንግ (ዌብሳይቱ የሚቀመጥበት ሰርቨር ኪራይ) ግን በዶላር ነው። እንዴት ታደርጊዋለሽ?

ቁስሌን ነካኸው። ሰኔ 2016 ከአንድ ደንበኛ ጋር ውል ፈረምኩ። የሁለት ዓመት ሆስቲንግ ዋጋው ውስጥ ተካቷል ብዬ በራሴ እጅ ጻፍኩ። ሐምሌ 22 ብሔራዊ ባንክ የብርን ዋጋ ለገበያ ለቀቀው። ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በጥቂት ሳምንት ውስጥ መቶን አለፈ። ደንበኛው ጥሩ ሰው ነው፣ ግን ውል ውል ነው። ከሥራው ያገኘሁት ትርፍ በሆስቲንግ አለቀ።

ዛሬ ሆስቲንግና ዶሜን (የዌብሳይቱ አድራሻ ስም) በደንበኛው ስም ይገዛል፣ ከደንበኛው ይከፈላል። እኔ የምጠይቀው የእጄን ዋጋ ብቻ ነው። ካርድ የሌለው ደንበኛ ካለ በየዓመቱ በዕለቱ ምንዛሪ እንደሚታሰብ በውሉ ይጻፋል። የዋጋ ማቅረቢያዬም 15 ቀን ብቻ ነው የሚያገለግለው።

ከቡራዩ፦ ቦሌ ቢሮ ካልኖረን ትልልቅ ደንበኞች አይንቁንም?

ቢሮዬ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ነው። ሥር ወፍጮ ቤት አለ። በርበሬ ሲፈጭ ስብሰባ አይያዝም። ከደንበኞቼ ውስጥ ቢሮዬን ያዩት ሁለት ናቸው፤ አንዷ የመጣችውም በርበሬ ልታስፈጭ ነው።

ደንበኛ ጋ እኔ እሄዳለሁ። የቦሌን ኪራይ ልዩነት በባትሪ፣ በኢንቨርተርና በሁለት ኔትወርክ ላይ አዋልኩት፤ አንዱ ኢትዮ ቴሌኮም፣ አንዱ ሳፋሪኮም። ደንበኛ የሚንቀው ሰፈርህን ሳይሆን «መብራት ስለሌለ ነገ እልካለሁ» የሚለውን መልእክትህን ነው።

ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ሠራተኞቼ ሁሉ የሚኖሩት በዚሁ አካባቢ ነው። ጠዋት በእግራቸው ይመጣሉ። ታክሲ ወረፋ ላይ ሁለት ሰዓት ያልቆመ ሰው እንዴት እንደሚሠራ ያየ ነው የሚያውቀው።

ከሰንዳፋ፦ ከጓደኛዬ ጋር እኩል በእኩል ብንገባስ?

አንዳችሁ ስትሠሩ ሌላችሁ የምትሸጡ ከሆነ ይሁን። ሁለታችሁም ኮድ ጸሐፊ ከሆናችሁ ግን ደንበኛ የሚደውለው ለማን ነው? እኩል በእኩል ስትሆኑ ሳትስማሙ ስትቀሩ ማን እንደሚወስን ዛሬ፣ በፍቅር ሳላችሁ፣ ጻፉት።

ስም የሌለው ወረቀት፦ ያሠለጠንኩት ልጅ ሁለት ደንበኛ ይዞብኝ ሄደ። ምን ላድርግ?

ይህ እኔም ላይ ደርሷል። እንደ ወንድሜ የማየው ልጅ ነበር። ደንበኛዋ ጋ ደውዬ «ምን አጎደልኩ?» አልኳት። «ምንም፤ ግን ስልክ ሲደወል የሚያነሳው እሱ ነበር» አለችኝ። ለሁለት ሳምንት ተናድጄ ከረምኩ። ከዚያ ሳስበው እውነቷን ነው። ውሉ ላይ ስሜ አለ እንጂ ድምፄን ከሰማች ስድስት ወር ሆኗታል።

ስለዚህ አሁን እያንዳንዱን ደንበኛ በወር አንዴ እኔ ራሴ እደውልለታለሁ። ሥራ ኖረም አልኖረም። የተቀረው ደረቅ ሥራ ነው። የጊትሃብ (ኮዱ የሚቀመጥበት ድረገጽ)፣ የሆስቲንግና የዶሜን አካውንት በስቱዲዮው ኢሜይል ይከፈታል እንጂ በልጆቹ የግል ኢሜይል አይደለም። የሥራ ውል በጽሑፍ ይሁን። የሙከራ ጊዜ ከፈለግህም በጽሑፍ፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። የሚለቅ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥም አዋጁ ያዛል። የኮዱ ባለቤት ማን እንደሆነ አንድ መስመር ጨምርበት።

ልጁን ግን አትክሰሰው። የዛሬ ሦስት ዓመት ትርፍ ሥራ ሲኖረው የሚደውለው ላንተ ሊሆን ይችላል። የእኔው ደውሏል።

ከአያት፦ ዘመድ በነጻ ሥሪልኝ ሲልሽ ምን ትያለሽ?

«እሺ፣ ከአሥር ሰው ቀጥሎ ነህ» እላለሁ። ለእናቴ ብቻ ተራ የለም፤ እሷ ደግሞ የምትፈልገው ፍሪጅ ነው።

ከየካ አባዶ በድጋሚ፣ ሌላ ልጅ፦ ሰው ሁሉ ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ ይሸጣል። ዌብሳይቱን ደግሞ ኤአይ በአንድ ሰዓት ይሠራዋል። ይህ ሥራ አልቆለት የለም?

አምስት ገጽ ያለው «ስለ እኛ፣ አድራሻችን» የሚለው ዌብሳይት፣ አዎ፣ አልቆለታል። ጫማ ቸርቻሪ መጥቶ ዌብሳይት ሥሪልኝ ሲለኝ ቴሌግራም ቻናሉን እንዲያጠናክር ነግሬ የመለስኩበት ጊዜ አለ።

ሰው የሚከፍልበት ሌላ ቦታ ነው። ክፍያውን ከቴሌብርና ከቻፓ (በኢንተርኔት ክፍያ ከሚቀበለው አገልግሎት) ጋር ማገናኘት። የመጋዘኑ ቆጠራ ከሽያጩ ጋር እንዲናበብ ማድረግ። ክሊኒክ ወረፋ በስልክ እንዲያስይዝ ማድረግ። ይህ ተቀምጦ ሰውየውን ማዳመጥ ይጠይቃል። የሚያሳስበኝ ግን ጀማሪዎቹ ናቸው። ድሮ ለጀማሪ የምንሰጠው ቀላል ሥራ አሁን ማሽኑ ጋ ሄዷል። እኛ ቤት ጀማሪዋ መጀመሪያ የሚሰጣት ሥራ ደንበኛ ጋ አብራኝ ሄዳ ማስታወሻ መያዝ ነው።

የመጨረሻው ወረቀት፦ ወደ ብቻሽ ሥራ መመለስ አያምርሽም?

ያምረኛል። በተለይ ሰኔ ላይ፣ የሒሳብ መዝጊያ ሲደርስ።

ሰባት የነበርን ጊዜ ስምንት ወር ሙሉ አንድ መስመር ኮድ አልጻፍኩም። ፕሮፖዛል ስጽፍ፣ ክፍያ ስለምን፣ መስኮት ሥር ማን ይቀመጥ በሚል ጠብ ስገላግል ነው የዋልኩት። ዓመቱ ሲዘጋ ደግሞ ለእኔ የቀረኝ ብቻዬን በሠራሁበት የመጨረሻ ዓመት ካገኘሁት ያንሳል። ሁለቱ በራሳቸው ለቀቁ፣ አንዱን በስምምነት ሸኘሁ፣ ቦታቸውን አልተካሁም። ሰዎች ከሰርሽ ወይ ይሉኛል። አልከሰርኩም። እኔ ኮድ መጻፍ የምወድ ሰው ነኝ፤ ማስተዳደር የምወድ ሰው ቢሆን ሰባቱን አሥራ አራት ያደርጋቸው ነበር፣ ለእሱም ደግ ነው።

አሁን ረቡዕ ቀን የእኔ ነው። ስልኬ ይጠፋል፣ በሩ ይዘጋል፣ ወፍጮውም ረቡዕ አይሠራም። ረቡዕ ደውላችሁ ካላነሳሁ ተቀይሜያችሁ አይደለም።